በታኅሣሥ እንጦጦ ስንወጣ

የጂኦግራፊ ክበባችን በታኅሣሥ እንጦጦ ሊወጣ ነው። «ትምህርት ሲዘጋ፣ ክረምት ላይ ይሁን» ያላችሁ ነበራችሁ። ክረምት ላይ ግን ጭቃው ያንሸራትታል፣ መብረቅም አለ፤ ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል ደግሞ የባሰ ነው።

ታኅሣሥ ደረቅ ነው፣ ግን ይበርዳል። ሌሊት ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የያዘው ሙቀት ወደ ላይ ያመልጣል፤ ጠዋት ውርጭ የምናየው ለዚህ ነው። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ይሆናል። በየ100 ሜትሩ አየሩ ወደ ግማሽ ዲግሪ ይቀንሳል፤ 600 ሜትር ስንወጣ 3 ዲግሪ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ላይ ደግሞ ነፋሱ! ስለዚህ ከአንድ ወፍራም ጃኬት ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደረብ ይሻላል፤ ሲሞቀን አንዱን እናወልቃለን። በላብ የራሰ ልብስ ነፋስ ሲያገኘው ያንዘፈዝፋል።

ጠዋት 2 ሰዓት ተነስተን፣ 6 ሰዓት ሲሆን የትም ብንደርስ እንመለሳለን።

አንዲት ጓደኛችን አስም አለባት፤ ብርድ ያስነሳባታል። «ትቅር» ያሉ አሉ። እኔ አልስማማም። መድኃኒቷን በኪሷ ትያዝ፣ አፍና አፍንጫዋን በሻርፕ ትሸፍን፣ ከፊት ሆና ትምራን፤ ሁላችንም በእሷ እርምጃ እንሂድ። ቲቸር፣ እባክዎ እስከ ዓርብ ወላጆቿን ያነጋግሩልን።