የሥራ አደረጃጀትና ሠራተኛው

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት የኅብረትን ጥቅም በሚገባ ያስረዳል፤ ነገር ግን ሎሚውን ለሃምሳው ሰው የሚያድለው ማን እንደ ሆነ፥ እንዴትስ እንደሚያድል አይነግረንም። የኔ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ነው። ሰዎች ለሥራ ሲሰበሰቡ አዛዡና ታዛዡ የሚለዩበት፥ ሥራው የሚከፋፈልበት፥ ቃልም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ሥርዓት አደረጃጀት ይባላል። አንዱ ሰው በአንድ ስፍራ ትጉህ፥ በሌላ ስፍራ ሰነፍ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነውና፥ የሰውን ጠባይ ከመውቀሳችን በፊት የሚሠራበትን ሥርዓት መመርመር ይገባናል።

በመጀመሪያ የመሥሪያ ቤትን ተዋረድ እንመልከት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾመው ሥራውን በየክፍሉ ካደላደሉ ወዲህ፥ የአገራችን የመንግሥት ሥራ በየደረጃው የሚወጣና የሚወርድ ሆኗል። ጀርመናዊው ሊቅ ማክስ ዌበር እንዳስረዳው፥ የዚህ አደረጃጀት ብርታቱ ሥራው በአንድ ሰው ፈቃድ ሳይሆን በተጻፈ ደንብ መመራቱ ነው። ሹሙ ቢለወጥ መዝገቡ ይቀራል። ጉዳቱ ግን ባለጉዳዩን በዐይኑ የሚያየው ጸሐፊ የመወሰን ሥልጣን የሌለው፥ ሥልጣን ያለውም ባለጉዳዩን የማያየው መሆኑ ነው። በዚህ ሥርዓት ብዙ ዘመን የቈየ ሠራተኛ «ከላይ መመሪያ ይጠበቃል» ማለትን ይለምዳል። ይህን የሚለው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ በራሱ አሳብ ሠርቶ ቢሳሳት የሚጠየቅ፥ ዝም ብሎ ቢጠብቅ ግን የማይጠየቅ ስለ ሆነ ነው።

ሁለተኛው የፋብሪካ አደረጃጀት ነው። በጎረቤታችን በኮምቦልቻ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በተለይ ለጨርቃ ጨርቅና ለልብስ ስፌት ታስቦ የተሠራ ነው። በልብስ ስፌት ፋብሪካ አንድ ሸሚዝ በብዙ እጅ ያልፋል፤ አንዷ ኮሌታውን፥ ሌላዋ እጅጌውን፥ ሦስተኛዋ ቍልፉን ትሰፋለች። የዚህን ጥቅም አዳም ስሚዝ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ በመርፌ ቍልፍ ሥራ አስረድቷል፤ ዐሥር ሰዎች ሥራውን ተከፋፍለው በቀን ከ48,000 በላይ ሲሠሩ፥ ያልሠለጠነ ሰው ብቻውን ቢሆን 20 እንኳ መሥራት ያቅተዋል። ነገር ግን ያው ጸሐፊ በዚያው መጽሐፍ፥ ዕድሜውን ሁሉ አንዲት ቀላል ሥራ ሲደጋግም የሚኖር ሰው አእምሮው እንደሚደነዝዝ አስጠንቅቋል። ኮሌታ ብቻ የምትሰፋ እኅታችንም ሸሚዙ ሲያልቅ «ይህ የእጄ ሥራ ነው» ለማለት ያስቸግራታል።

ሦስተኛው በወሎ ቅሬ፥ በሌላው አገር እድር የሚባለው ነው። በደሴ በሰፈራችን በቧንቧ ውሃ እንደምናየው፥ የቅሬው ዳኛ የሚመረጠው ከጎረቤቶቹ መካከል ስለ ሆነ፥ ነገ ተራ አባል እንደሚሆን ያውቃል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በኀዘን ጊዜ አብሮ ይቆማል፤ ከቀብር የቀረ ደግሞ ሀብታምም ቢሆን መቀጮውን ይከፍላል። በመሥሪያ ቤቱ አለቃውን የሚጠብቅ ያው ሰው፥ በቅሬው ማንም ሳያዘው ድንኳን ሊተክል ይሮጣል። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሥርዓቱ ነው።

«ቅሬ ለቀብር ነው፥ እንጀራ በዚህ አይገኝም» የሚል ቢኖር፥ አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር የመሠረቱትን የአውራ አምባን ማኅበር ይመልከት። የማኅበሩ አባሎች በሽመናና በሌላም ሥራ ይተዳደራሉ። ሥራውም ሲደለደል ሴት ወንድ ሳይባል በችሎታ ስለ ሆነ፥ ሴቷ ታርሳለች፥ ወንዱም ይፈትላል። የኅብረት ሥራው ገቢ በዓመቱ መጨረሻ ለአባሎቹ እኩል ይከፋፈላል።

ይሁን እንጂ ቅሬም ሆነ ማኅበር እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ስብሰባው ይረዝማል፤ ይሉኝታም እውነተኛውን አሳብ ይሸፍናል። ብዙ ሺህ ሸሚዝም ያለ ፋብሪካ፥ የአገርም መዝገብ ያለ መሥሪያ ቤት አይሆንም። የኔ አሳብ ግን ፋብሪካውም መሥሪያ ቤቱም ከቅሬው ሊማር ይችላል የሚል ነው፤ ይኸውም ሥራውን በቅርብ የሚያየው ሰው እንዲናገር፥ የተናገረውም እንዲሰማ ማድረግ ነው። ኮሌታ የምትሰፋው ልጅ መኪናው ለምን ክር እንደሚበጥስ ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ ታውቃለች፤ የሚጠይቃት ከሌለ ግን እውቀቷ ከእርሷ ጋር ወደ ቤቷ ይመለሳል።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብዙዎቻችን በአንዱ ድርጅት ውስጥ እንገባለን። ያን ጊዜ ስለ ደመወዙ ብቻ ሳይሆን «በዚህ ቤት የታችኛው ሰው ቃል እስከ የት ይደርሳል?» ብለን እንጠይቅ። ዕድል ገጥሞን አለቆች ብንሆን ደግሞ፥ ሎሚውን ስናድል ያልደረሰው ሰው መኖሩን፥ ከዐቅሙ በላይም የተሸከመ መኖሩን ዞር ብለን እንይ።