ሁለት የቅጥር ደብዳቤ፣ አንድ ፊርማ

በአንድ ሳምንት ሁለት መሥሪያ ቤት «እንቀጥርሽ» ሲል ደስ ይላል፤ ራስም ያዞራል። ለምሳሌ ያህል ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በሂሳብ አያያዝ የተመረቀች ወጣት እንውሰድ። አንዱ ጥሪ እዚያው እንጅባራ ካለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መጣላት፤ ደመወዙ መንግሥት በ2018 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ያደረገው 11,500 ብር ነው። ሌላው ዳንግላ ካለ የግል ድርጅት ነው፤ በወር 14,000 ብር። ቤተሰቡም ጎረቤቱም በአንድ ድምፅ ዳንግላን መረጠ።

የዳንግላው ደብዳቤ ግን ወረድ ብሎ ሲነበብ 14,000ው ሦስት ቦታ ተከፍሏል፦ መነሻ ደመወዝ 8,000፣ የትራንስፖርት አበል 3,000፣ በሥራ ውጤት የሚከፈል ማበረታቻ እስከ 3,000። «እስከ» የምትለዋን ቃል ማንም ልብ አላላትም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 የትራንስፖርት አበልን፣ ጉርሻንና ለተጨማሪ የሥራ ውጤት የሚሰጥ ማበረታቻን ከ«ደመወዝ» ትርጉም ያወጣቸዋል። ስለዚህ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው በ14,000 ሳይሆን በ8,000 ነው። አምስት ዓመት አገልግላ በፈቃዷ ብትለቅ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለባት፣ የስንብት ክፍያ ይገባታል፤ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያን ሲሶ። ደመወዙ ሳይለወጥ ከቆየ ይህ 18,667 ብር ገደማ ይሆናል። ሙሉው 14,000 መነሻ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ከ32,600 ብር በላይ በወጣ ነበር። ጡረታም እንደዚሁ ነው፦ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡት ከመነሻ ደመወዙ ላይ ነው።

አሁን ወደ ኪስ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በእርከን ከ15 እስከ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ከ11,500ው ላይ ግብር 2,100፣ ጡረታ 805 ሲነሳ 8,595 ብር እጅ ይገባል። ከዳንግላው 8,000 ላይ ደግሞ ግብር 1,150፣ ጡረታ 560 ተነሥቶ 6,290 ይቀራል። ማበረታቻው በተከፈለበት ወር ዳንግላ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ማበረታቻው ሲቀርና አበሉን ሚኒባስ ሲጨርሰው ግን ልዩነቱ ይገለበጣል።

ስለ ሚኒባስ ከተነሣ አይቀር፦ ሁለቱ ከተሞች 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ሠራተኛ ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ወይም ለዚሁ በተከራየው መኪና ሲጓዝ ቢጎዳ አዋጁ በሥራ ላይ እንደደረሰ አደጋ ይቆጥርለታል። በራሱ ገንዘብ ተሳፍሮ ሲመላለስ ለደረሰበት አደጋ ግን ይህ ድንጋጌ አይሠራለትም። «አበል ይሻላል ወይስ ሰርቪስ?» ብሎ መጠየቅ እንግዲህ የምቾት ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ሌላው መታየት ያለበት የትኛው ሕግ እንደሚገዛት ነው። አዋጅ 1156 የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ እነርሱ የራሳቸው የሲቪል ሰርቪስ ሕግ አላቸው። ከመንግሥት ወደ ግል ወይም ከግል ወደ መንግሥት ቢሻገሩ የጡረታ አገልግሎት ዘመን ይደመራል፤ ብዙ ሰው «ያሳለፍኩት ዘመን ይቃጠልብኛል» ብሎ በከንቱ ይሰጋል።

በግል ድርጅት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ለሥራው ተስማሚ ሆና ካላገኛት ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብታት ይችላል። ሥራ ይዞ ሌላ ሥራ ለሚመርጥ ሰው ትልቁ ሥጋት ይኸው ነው። የውሉ ዘመንም መታየት አለበት። ሥራው ቋሚ ከሆነ ሕጉ ውሉን ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገምታል፤ «የአንድ ዓመት ኮንትራት» የሚፈቀደው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። የዓመት ኮንትራት የሚያቀርብ ድርጅት የትኛው ሁኔታ እንደሆነ ቢጠየቅ ነውር የለውም።

መደራደርስ? ይቻላል፤ አነጋገሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1690 መሠረት የመልስ ጊዜ የወሰነ አሠሪ ቀኑ እስኪያልፍ በሐሳቡ ይታሰራል። በአንቀጽ 1694 ደግሞ በለውጥ የተሰጠ እሺታ የመጀመሪያውን ሐሳብ እንደ መቃወም፣ አዲስ ሐሳብም እንደ ማቅረብ ይቆጠራል። «10,000 ካደረጋችሁት እቀበላለሁ» ያለች ልጅ የ8,000ውን በር ዘግታለች ማለት ነው። «መነሻው ሊሻሻል ይችላል ወይ?» ብላ ብትጠይቅ ግን በሩ ክፍት ይቆያል።

በግል ድርጅት ሥራ ላይ ያለ ሰው አዲሱን ደብዳቤ ፊርማና ማኅተም አርፎበት ሳይዝ መልቀቂያ ባያስገባ ይመረጣል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ሳይሰጥ ከሄደ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሣ ሊከፍል ይችላል። «ነገ ጀምሩ» የሚል አዲስ አሠሪ ይህን ዕዳ በሠራተኛው ላይ እየጫነ ነውና፣ የመጀመሪያው የሥራ ቀን ከወር በኋላ እንዲሆን መጠየቅ ያዋጣል። የሥራ ልምድ ማስረጃ በነፃ የሚሰጥ ነው።

በቃል የተቀጠረም መብቱን አያጣም፤ አሠሪው ውሉ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ሊሰጠው ይገባል። ያለ አግባብ የተሰናበተ ወደ ሥራ ለመመለስ በ3 ወር፣ ደመወዝ የቀረበት በ6 ወር ውስጥ ክስ ማቅረብ አለበት፤ ለዚህም የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።