ለአንድ ጥማድ ሽንኩርት የሚበቃ የውሃ ሞተር

ሸዋ ሮቢት ላይ ለትንሽ ማሳ የቤንዚን ሞተር የሚፈለገው ውሃ ለመሳብ ነው። ገዢው ሱቅ ሲገባ ቀድሞ የሚጠይቀው “ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?” ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ገመድና ድንጋይ ይዞ ወደ ጉድጓዱ ቢሄድና ውሃው ስንት ሜትር እንደራቀ ቢለካ ይሻለዋል እላለሁ። ያውም በበጋው መጨረሻ፣ ውሃው በሸሸበት ወቅት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሞተሩ ከቱቦው ውስጥ አየር ሲያወጣ፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ከውጭ ያለው የአየር ግፊት ነው። ይህ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ያነሳል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከ9 ሜትር በታች ይሆናል። ቱቦው ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ በተግባር የሚታመነው 6 ሜትር ነው። ውሃው 12 ሜትር ከራቀ የ15 ፈረስ ጉልበቱም ሞተር አይስበውም።

አንዳንዱ ታዲያ ሞተሩን በገመድ አስሮ ጉድጓድ ውስጥ ያወርደዋል። በፍጹም አይደረግም። ከቤንዚኑ ጭስ ጋር የማይታይና የማይሸት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም የወረደውንም፣ ሊያወጣው የገባውንም ይገድላል። ለሩቅ ውሃ የሚሆነው ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ወይም የሶላር ፓምፕ ነው።

ውሃው ቅርብ ከሆነ ወደ ብዛቱ እንለፍ። በቆላው ፀሐይ ሽንኩርት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይጠጣል እንበል። ለአንድ ጥማድ፣ ለሩብ ሄክታር ማለት ነው፣ 12 ሜትር ኩብ ተኩል ይመጣል። በቦይ ሲጠጣ ግማሹ ስለሚባክን 25 እንያዝ። የቱቦ አፉ 2 ኢንች የሆነው ሞተር ወረቀቱ ላይ በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ይላል። ያ ግን ሽቅብ ሳይገፋ ነው፤ ማሳ ላይ 15 ካወጣ ደግ ነው። ቢሆንም የቀኑ ውሃ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል፤ ቤንዚኑም ከ3 ሊትር ብዙ አያልፍም።

ባለ 3 ኢንቹ እጥፍ ያህል ያወጣል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን አይችለውም፤ ውሃው ሲያልቅ ሞተሩ በደረቁ ይሽከረከርና ውሃ እንዳይፈስ የሚያግደው “ሲል” የሚባለው ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ ለጉድጓድ 2 ኢንች፤ ከሮቢ ወይም ከጀውሃ ወንዝ በጋራ ለሚስቡ ጎረቤታሞች 3 ኢንች። የናፍጣ ሞተር ነዳጅ ይቆጥባል፤ ግን ከባድና ውድ ነውና ማታ ማታ ተሸክሞ ቤት ለሚያስገባ ሰው አልመክረውም።

ደጋው ላይ ሲዘንብ ወንዙ አሸዋ ይዞ ይወርዳል፤ አሸዋው ውሃ የሚገፋውን ምላስ ይበላዋል። ደፍርሶ ሲመጣ ባይስቡ ይመረጣል፤ ከሳቡም የቱቦው ጫፍ ማጣሪያ ይኑረው፤ ከወለሉም ከፍ ይበል። ክፍያ ሳይፈጽሙ ሻጩ መለዋወጫ “ሲል” እና ካንዴላ ለብቻ ይሸጥ እንደሆነ ያሳይዎ።