ለእናትሽ ጉልበት ክኒን ከመግዛትሽ በፊት

ልጄ፣ «ለእማዬ ጉልበት የትኛው ክኒን ይሻላታል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ዕድሜዬን ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ስለገፋሁ ጥያቄው አዲስ አልሆነብኝም፤ የአንዱን ክኒን ስም ነግሬሽ መገላገልም እችል ነበር። ነገር ግን በዚህ ዓይነቱ መድኃኒት ላይ ወሳኙ የክኒኑ ስም ሳይሆን የሚውጠው ሰው ነው። ጤነኛ ጎረምሳ ለሳምንት ወስዶት ምንም የማይሆነው ክኒን፣ ግፊት ያለባትን ባልቴት በጥቂት ቀናት አልጋ ላይ ሊጥላት ይችላል። ስለዚህ ምክሬን በቁጥር ጻፍሁልሽ። ሁሉም እኩል አይከብድም፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ረጋ ብለሽ አንብቢ።

1. በመጀመሪያ ዘመዳሞቹን ለዪ። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ ናፕሮክሲን፣ ሜሎክሲካም፣ ሴሌኮክሲብ፣ አስፕሪንም ሳይቀር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ፀረ ብግነት ማስታገሻ ይባላሉ፤ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን የመገጣጠሚያውን እብጠትና ግለት ጭምር ያበርዳሉ። ፓራሲታሞል ከእነሱ አይቆጠርም። ከዘመዳሞቹ ሁለቱን ደርቦ መዋጥ ማስታገሱን ብዙም አይጨምርም፣ ጉዳቱን ግን ይጨምራል። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ስም ካለመለየት ነው። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣው አድቪል አይቡፕሮፌን ነው፤ አሊቭ ናፕሮክሲን ነው፤ ቮልታረን ዲክሎፌናክ ነው። እናትሽ ጠዋት ከሠፈር የተገዛ ዲክሎፌናክ ወስዳ ማታ «የአሜሪካው» ብላ አድቪል ብትደግም፣ የደገመችው ያንኑ ነው። በማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ተዪውና ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን አንብቢ።

የሻንጣ ነገር ከተነሣ፣ «ለመገጣጠሚያ ነው፣ ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ የሚላከውን ሁሉ በጭፍን አትቀበዪ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ አርትሪ ኪንግ በሚል ስም የሚሸጠው ተጨማሪ ምግብ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን እንደተገኘበት ገልጾ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። «በአንድ ቀን አስነሣኝ» የሚባል የመገጣጠሚያ ዱቄት ወይም እንክብል ሲያጋጥምሽ ይህን አስቢ።

2. ለምን እንደሚጎዳ ካወቅሽ ለምን እንደምጨቀጭቅሽ ይገባሻል። አስፕሪንና ዘመዶቹ እንዴት እንደሚሠሩ እንግሊዛዊው ጆን ቬን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ በ1982 ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ክኒኖቹ ሰውነታችን ፕሮስታግላንዲን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች እንዳይሠራ ያግዳሉ። ፕሮስታግላንዲን የታመመ ጉልበት ውስጥ ሲበዛ ያሳብጣል፣ ሕመሙንም ያብሳል። ጨጓራን ከራሱ አሲድ የሚከላከለው ግን ያው ፕሮስታግላንዲን ነው፤ ወደ ኩላሊት ደም የሚያስገባውን ስር ከፍቶ የሚይዘውም እሱው ነው። ክኒኑ ጉልበትን ከጨጓራ ለይቶ አያውቅም።

«ጨጓራ ስላለብኝ በመርፌ ይሁንልኝ» የሚል ደንበኛ ሞልቶ ነበር። በመርፌ የገባውም በደም አድርጎ ፕሮስታግላንዲኑን ያግደዋል፤ ጨጓራ ከጥቃቱ አያመልጥም። የክኒኑ ልባስም ቢሆን ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ ያደርገዋል እንጂ በደም የሚመጣውን አያስቀርም። እንዲያም ሆኖ ልባስ ያለውን ወይም ቀስ እያለ የሚለቀቀውን ክኒን ሰብረሽ አትስጫት።

3. ሆዷን ጠብቂ። ከምግብ በኋላ፣ በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ትውሰድ። ምግቡ ማቃጠሉን ያለዝባል፤ ቁስለትን ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አይከለክልም። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቁ «በልቼ ነው የምወስደው» እያለ ክኒኑን ወር ሙሉ ይቀጥላል። የሚያስፈራውም ቁስለቱ ብዙ ጊዜ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው፤ ቃርም ቁርጠትም ሳይኖር በድንገት ሊደማ ይችላል። ዕድሜው ከ65 ያለፈ፣ ከዚህ ቀደም ጨጓራው የቆሰለ ወይም የደማ፣ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው አደጋው ይበዛበታል። «ዲክሎፌናክና ዴክሳ አብራችሁ ስጡኝ» ማለት በየሠፈሩ የተለመደ ነው፤ ለጨጓራ ከዚህ የከፋ ጥምረት በቀላሉ አይገኝም። አረቄ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

የእናትሽ ዓይነት ሰው መውሰዱ ግድ ከሆነበት ሐኪሙ ኦሜፕራዞል አብሮ ያዝለታል፤ ብዙውን ጊዜ 20 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ። ኤች ፓይሎሪ ተብሎ የሚታወቀው የጨጓራ ባክቴሪያ ካለባት ደግሞ ቀድሞ ቢታከም ይመረጣል። ኦሜፕራዞል ጨጓራን እንጂ ኩላሊትንና ልብን እንደማይጠብቅ ግን አትርሺ።

ጾሙን ለይቼ አነሣዋለሁ፤ እናትሽን አውቃታለኋ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም። በዚያው ወራት ስግደቱ ስለሚበዛ ጉልበቷ ይብስባታል። ሕመሙም የሆድ ባዶነቱም በአንድ ላይ የሚበረቱበት ጊዜ ነውና፣ ክኒኑን ማለዳ በጠበል አወራርዳ ቅዳሴ እንዳትቆም። የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ማታ፣ ከእራት በኋላ አዛውሪው። እሱ ካልበቃት የንስሐ አባቷን ታማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስጨንቅም። የሙስሊም ጎረቤቶቻችሁም ነገር ይኸው ነው፤ በረመዳን ከኢፍጣር ምግብ በኋላ ይወሰዳል፣ እስከ ሱሁር ውሃ በደንብ ይጠጣል፤ ለታመመ ሰው ሃይማኖታቸውም ፈቃድ ይሰጣል።

ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከተጣበቀ፣ ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሳት፣ ክኒኑን አስቁመሽ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጃት። አይረን የምትወስድ ሴት ሰገራዋ እንደሚጠቁር እውነት ነው፤ አንቺ ግን ያንን ለመለየት ቤት ውስጥ አትቀመጪ።

4. የግፊት ክኒኖቿን ሳታዪ አትግዢ። ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን ነው። ወደ ኩላሊት ደም የሚገባበት ስር አለ፣ የሚወጣበትም ስር አለ። ኢናላፕሪልና መሰሎቹ መውጫውን ያሰፋሉ። እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴማይድ ያሉት የሚያሸኑ ክኒኖች ደግሞ በሰውነት ያለውን ፈሳሽ ይቀንሳሉ። በዚህ ላይ ዲክሎፌናክ መጥቶ መግቢያውን ሲያጠብ ኩላሊት የሚያጣራበት ግፊት ይወድቃል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገናኙ፣ በተለይ በሽተኛዋ ተቅማጥ ወይም ትውከት ይዟት ውሃዋ ሲያልቅ፣ ኩላሊቷ በቀናት ውስጥ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ሦስቱንም ያዘዘው ወይም የሸጠው አንድ ሰው አለመሆኑ ነው ችግሩ፤ ግፊቱን ጤና ጣቢያ፣ ጉልበቱን ሠፈር ያለ መድኃኒት ቤት፣ ቀሪውን ዘመድ። ስለዚህ ደንብሽ ይህ ይሁን፦ ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ብርቱ ትኩሳት በያዛት ቀን ማስታገሻው ይቆማል፤ ስለ ግፊት ክኒኖቿ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪሟ ይጠየቃል።

ዲክሎፌናክ ኩላሊት ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል አሞራም አሳይቷል ብልሽ ትገረሚያለሽ። በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል ጥንብ አንሳዎች በጅምላ አልቀው ምክንያቱ ሲፈለግ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ጥናት አሞራዎቹ ዲክሎፌናክ የተሰጣቸውን ከብቶች ጥንብ በልተው ኩላሊታቸው መበላሸቱን አሳየ። ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይውል በ2006 ከለከለች። ሰው እንደ አሞራ አይደለም፣ በዚያ መጠንም አይመረዝም። ቢሆንም ኩላሊቱ ቀድሞ ለደከመ ሰው ክኒኑ ይከለከላል።

ክኒኑ ግፊቱን ራሱንም ከፍ ያደርገዋል፤ ጨውና ውሃ በሰውነት ያስቀራል፣ እግር ያሳብጣል። የልብ ድካም ላለበት፣ የልብ ስር የተዘጋበት ወይም ስትሮክ ለመታው ሰው ዲክሎፌናክ እንዳይሰጥ የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ወስኗል። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በ2004፣ ለጨጓራ ይሻላል ተብሎ የተወደደው ዘመዳቸው ቫዮክስ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደሚያበዛ ሲታወቅ ከገበያ ወጥቷል። እናትሽ ለልቧ ትንሿን አስፕሪን በየቀኑ የምትወስድ ከሆነ አይቡፕሮፌን አብሮ ሲወሰድ የአስፕሪኑን ሥራ ሊያደናቅፍ ይችላልና ይህንንም ለፋርማሲስቱ ንገሪው።

5. መጠኑ ትንሽ፣ ጊዜውም አጭር ይሁን። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንድ ጎልማሳ በቀን ከ1200 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ማለፍ የለበትም፤ ባለ 400ው ክኒን ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ዲክሎፌናክ በሐኪም ትእዛዝ እንኳ በቀን ከ150 ሚሊግራም አይበልጥም። ለሽማግሌ ከዚህ ያንሳል። የረሳችውን ለማካካስ ሁለት አትዋጥ። ሳምንት አልፎ ሕመሙ ካልተሻለ ሌላ ስትሪፕ አትግዢ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

6. ቅባቱ ይቅደም። ለጉልበትና ለእጅ መገጣጠሚያ የዲክሎፌናክ ጄል አለ፤ ወደ ደም የሚገባው ከክኒኑ እጅግ ያነሰ ነው፣ ለብዙ ሰው ጉልበት ግን ይበቃል። ሰዎች የሚንቁት ስለማይዋጥ ብቻ ይመስለኛል። በማሸጊያው እንደተጻፈው በየቀኑ ሳይቋረጥ ይቀባ፣ ከዚያ እጅ ይታጠብ። ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀጥ አድርጋ እያነሣች ብታወርድ የጭኗ ጡንቻ ጠንክሮ ጉልበቷን ይደግፍላታል። ክብደትም አለ፤ ከሰውነት አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ሸክም በአራት ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። (ሠፈሩን ማለቴ አይደለም።)

7. ክኒን የማይበቃውን ሕመም እወቂ። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ከመጣ ውስጡ መግል ሊሆን ይችላል፤ ይህ የዚያኑ ቀን የሆስፒታል ጉዳይ ነው። ጠዋት ጠዋት የሁለት እጅ ጣቶች ከሰዓት በላይ ተሳስረው የሚቆዩ ከሆነ፣ ማስታገሻው ሕመሙን ቢቀንስም መገጣጠሚያው መበላሸቱን አያቆምም፤ ለዚያ ሌላ መድኃኒት አለ። ልጅ ጉሮሮውን ታሞ ከሰነበተ በኋላ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ከዞረበት የልብ ጉዳይ ስለሆነ ለሐኪም ይታይ። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ትኩሳትና ቁርጥማት ከያዘው ብሩሴላም ይመርመር። ድሬዳዋ ያሉት ዘመዶችሽ ደግሞ፣ ከተማዋ ዴንጊንም በ2019 (እ.ኤ.አ.) ቺኩንጉንያንም አይታለችና፣ ትኩሳት ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ሲይዛቸው ዴንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም አይውሰዱ። ዴንጊ ላይ ደም መፍሰስን ያብሳሉ፤ ፓራሲታሞል ይበቃቸዋል።

8. ስለ ራስሽ ደግሞ። ስታረግዢ እነዚህን ክኒኖች ሐኪም ሳትጠይቂ አትንኪ፤ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የሽርት ውሃውንም ያሳንሳሉ። አስም ያለበት ወንድምሽ አስፕሪን ወስዶ ደረቱ ተጨንቆ የሚያውቅ ከሆነ ዘመዳሞቹንም አይውሰድ።

9. እንግዲህ እናትሽ የምትውጠውን ሁሉ፣ ኢናላፕሪሉንም፣ የሚያሸናውንም፣ ከአሜሪካ የመጣውንም፣ ከነማሸጊያው በአንድ ፌስታል ሰብስበሽ ጤና ጣቢያ ይዘሻት ሂጂ። ግፊቷ ይለካ፣ ለኩላሊቷ የክሪያቲኒን ምርመራ ይታዘዝላት። እስከዚያው ጄሉን ግዢላት፣ ሕመሙ ከበረታባትም ፓራሲታሞል ስጫት፤ በቀን ከ4 ግራም እንዳያልፍ፣ ለእሷ ዕድሜ ከዚያም ቢያንስ ይመረጣል። ውጤቱ ሲወጣ ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።