ክፍቷ ቮልስ እንጦጦን ትወጣለች?

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ ነው የምኖረው። ቅዳሜና እሁድ ወደ እንጦጦ የምነዳት፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ አሮጌ ቮልስዋገን ልገዛ ነው። ምኗን ልይ?

መልስ፦ ምርጫዎን ወድጄዋለሁ። የቮልስ ሞተር በአየር ስለሚቀዘቅዝ ዳገት ላይ የሚፈላ ራዲያተር የላትም። ጉልበት ግን አይጠብቁባት፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የጉልበቷን ሩብ ያህል ታጣለች። ካርቡሬተሯ ለዚህ ካልተስተካከለ ጥቁር ጭስ ታወጣለች።

ቀለሟ አያታልልዎ። የኋላ ወንበሩን አንስተው ባትሪው የተቀመጠበትን ወለል ይዩ፤ አሲድና እርጥበት መጀመሪያ የሚበሉት እሱን ነው። በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው ይምቱት፤ ደህና ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። ከዚያ በሮቹን ከፍተው ይዝጉ። ጣሪያ የሌላት መኪና ጥንካሬዋ ከበሩ ስር ያለው ብረት ነው። እሱ ከዛገ መኪናዋ ወገቧ ይጎብጣል፣ በሩም አልገጥም ይላል። እንዲህ ያለችውን በነፃ ቢሰጡዎም አይውሰዱ። ጣሪያዋ ጋራዥ ውስጥ የተቆረጠችውንም እንዲሁ።

ዳገቱን ብቻ ሳይሆን ቁልቁለቱንም ይሞክሯት። ከእንጦጦ በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬን እየረገጡ ከወረዱ ይግላል፣ መያዝም ያቆማል። እግረኛና አህያ የሚበዛበት መንገድ ስለሆነ ፍጥነት እዚያ አይሞከርም። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አንድ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ።