ከቆዳ በታች ሥር ስለሚሰድ ፈንገስ

በአምቦ፤ በጉደር፤ በጌዶ፤ በባኮና በጊንጪ የምትገኙ መምህራንና አንባቢያን ጭርትን፤ ቆረቆርንና ቋቁቻን በሚገባ ታውቃላችሁ። ሦስቱም የሚመጡት ፈንገስ ከሚባለው፤ ባደረ እንጀራ ላይ ከምናየው ሻጋታ ጋር ዘመድ ከሆነው ረቂቅ ፍጥረት ነው። በቆዳ ገጽና በፀጉር ላይ ብቻ ስለሚኖሩ ያሳክካሉ፤ መልክም ያበላሻሉ እንጂ ሕይወትን አያሰጉም። በዚህ ወር የምናስረዳው ግን ቆዳን አልፎ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቀው ስለ ሌላው ወገን ነው። ይህ ፈንገስ ወደ ሰውነት የሚገባባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው።

አንደኛው በቁስል በኩል ነው። በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው እሾህ ሲወጋው በአፈር ውስጥ ያለው ፈንገስ አብሮ ይገባል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በእግሩ ላይ ሕመም የሌለው እብጠት ይወጣል፤ ቀዳዳም አበጅቶ ጥቃቅን ቅንጣት ያለበት መግል ያፈሳል። ይህ በሽታ በህንድ አገር በምትገኝ ከተማ ስም «የማዱራ እግር» ይባላል። ጤነኛውን ሰው እንኳ ይይዛል፤ በአገራችንም ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ችላ ከተባሉት በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አግብቶታል። ብዙ ሰው ግን ዝሆኔ ይመስለዋል። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ያሳብጣል፤ ቅንጣት ያለበት መግልም አያፈስም።

ሁለተኛው በትንፋሽ በኩል ነው። ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ በእርግብ ኩስና በአፈር ውስጥ ይኖራል፤ ከአቧራ ጋርም ወደ ሳንባ ይገባል። የጤነኛ ሰው ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፈዋል። የመከላከል ኃይሉ በደከመ ሰው ላይ ግን በደም አማካይነት ወደ አንጎልና ወደ ቆዳ ይሠራጫል። እንዲህ ያሉት ሰዎች የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ያልጀመሩ ወይም ያቋረጡ ሕሙማን፤ ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ መድኃኒት ለብዙ ጊዜ የሚወስዱ፤ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፤ እንዲሁም ኩላሊት የተተካላቸው ናቸው። በእነዚህ ሰዎች ፊትና አንገት ላይ መካከሉ ጎድጎድ ያለ፤ ብጉር የሚመስል እባጭ ቢወጣ በቀላሉ ሊታይ አይገባም። ራስ ምታት፤ ትኩሳት ወይም ማስታወክ ቢጨመርበት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ካልታከመ ይገድላልና።

ጉዳቱን የሚያብሰው መዘግየት ነው። እብጠቱ ስለማያም ይናቃል። አንዳንዱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ገዝቶ ይቀባል፤ ቅላቱ ለጊዜው ይጠፋል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል። ሌላው በጋለ ብረት ይተኩሰዋል። የአምቦ ፍል ውሃም ገላን ያጸዳል፤ ድካምንም ያሳርፋል እንጂ በሥጋ ውስጥ የተተከለውን ፈንገስ አያወጣም። ሐኪም ከቁስሉ ጥቂት ሥጋ ወስዶ በማይክሮስኮፕ አስመርምሮ ተገቢውን መድኃኒት ያዛል። ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ ቁስሉ የዳነ ቢመስልም ማቋረጥ አይገባም። የማዱራ እግር አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ ግን እግሩን እስከ መቁረጥ ሊያደርስ ይችላል።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንመክራለን።

1ኛ/ ወደ እርሻና ወደ አጥር ሥራ ስትሄዱ ጫማ አድርጉ፤ እሾህ የወጋውን ቦታ ወዲያው በሳሙናና በንጹሕ ውሃ እጠቡ።

2ኛ/ የእርግብ ኩስ ሲጠረግ አስቀድሞ ውሃ ይረጭበት፤ የመከላከል ኃይሉ የደከመ ሰውም ይህን ሥራ አይሥራ።

3ኛ/ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣልና ሕሙማን አያቋርጡት። ዋናው መከላከያቸው እርሱ ነው።

4ኛ/ በሁለት ሳምንት ያልዳነ እብጠት ወይም ቁስል ለሐኪም ይታይ።

መምህራን ሆይ፤ እነዚህ ሁለት በሽታዎች ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። እግሩ ያበጠውን ተማሪ ከጓደኞቹ አትለዩት፤ ወላጆቹን ጠርታችሁ ወደ ሐኪም ቤት እንዲወስዱት ምከሩ እንጂ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።