ደን ኡመት ነው፦ ከደባርቅ በላይ ያለው አስታ

 

የሥነ ምህዳር ምሁራን በአንድ ቦታ አብረው የሚኖሩ ዕፅዋትና እንስሳትን «ማኅበረሰብ» ይሏቸዋል። ለእኛ አጠራሩ እንግዳ አይደለም፤ ቁርኣን በሱረቱል አንዓም እንስሳትንና ወፎችን «ኡመም» ይላቸዋል፣ የ«ኡመት» ብዙ ቁጥር። ዛሬ አንድ የደን ኡመት እንመልከት።

መጻሕፍት ላይ ለዚህ ምሳሌ ሆነው የሚመጡት ብዙ ጊዜ የሰው አገር ደኖች ናቸው፤ አንዱ ኦክና ሎሬል ተደባልቀው የሚበቅሉበት ደን ነው። ኦክ በአገራችን በተፈጥሮ አይበቅልም። ሎሬልን ግን በዘመዶቹ ታውቁታላችሁ፦ አቮካዶና ቀረፋ የእሱ ቤተሰብ ናቸው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በካናሪ ደሴቶች፣ ጋራሆናይ የሚባል የታወቀ የሎሬል ደን አለ። እዚያ ከሎሬሉ ጎን ከሚበቅሉት ዛፎች አንዱ ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ስትወጡ መንገድ ዳር የምታዩት አስታ ነው። ዘመዱ ሳይሆን ራሱ ዝርያው! በመካከል ሰሃራ የሚያህል በረሃ እያለ አንድ ዛፍ ሁለቱም ጋ አለ፤ ሁለቱም ጋ ጉም አለና።

ሰሜን ተራራ ላይ ዕፅዋቱ እንደ ፎቅ ናቸው። ከገደሉ በታች፣ ቆላው ሳይጀምር፣ ወይራ፣ ጽድና ጥቁር እንጨት ይገኛሉ። ከፍ ሲል ኮሶና አሜጃ ይመጣሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ አስታው ይበዛል። ከዚያም በላይ ጓሳና ጅብራ ነው፤ ጅብራ ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ዋልያ በገደሉ ወለል ላይ እየተንጠለጠለ አስታውን ይቀነጥባል፤ ጭላዳ ከላይ ሣሩን ይግጣል፣ ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሻማም ማለት ይቻላል።

አስታ ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ቅርንጫፉም የተጠላለፈ ነው። ጉም በውስጡ ሲያልፍ ጠብታው ቅጠሉ ላይ ይያዝና ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ዝናብ ሳይዘንብ ከሥሩ ያለው አፈር የሚርሰው ለዚህ ነው። ያረጀ አስታ ላይ የተንጠለጠለውን ሽበት የመሰለ ነገር አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ይመስለዋል፤ አይደለም። እሱ ራሱ ሁለት ፍጡራን በአንድ ቤት ናቸው፦ ፈንገስና አልጌ። ፈንገሱ መጠለያውንና እርጥበቱን ይሰጣል፣ አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል። ዛፉን መቀመጫ እንጂ ምግብ አላደረጉትም፤ እነሱም ጉም ይይዛሉ። ከሥር ያለው ሽበትና እበት የመሰለ ለስላሳ የአረንጓዴ ምንጣፍ ደግሞ ውኃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ ብሎ ይለቀዋል። እንደ ጅንባር ያሉ ወንዞች በዚህ መሬት ላይ አልፈው ነው ገደሉን ዘለው ወደ ተከዜ የሚወርዱት። አስታውን ለማገዶ ሲቆርጥ የዋለ ሰው ማገዶ ብቻ አይደለም ተሸክሞ የሚወርደው፣ የበጋ ውኃም ነው።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እዚያ የተነሳውን ቃጠሎ ታስታውሳላችሁ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ድረስ ሕዝቡ በቅርንጫፍና በአፈር ሲታገለው ነበር። አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከግንዱ ሥር መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ይህ ጥንካሬው ነው። ነገር ግን ለጋው ቡቃያ ለፍየልና ለከብት ጣፋጭ ነው። እሳት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ግጦሽ በየቀኑ ይመጣል። ደኑን የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ ጥያቄ ይነሳል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፣ በ2017 ወጣ። በመካከሉ፣ በ2016፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ተነሥተው ደባርቅ ዳር ሰፈሩ። አብዛኞቹ ሙስሊም ወገኖቻችን ናቸው፤ ይህን የምታነቡ ልጆቻቸውም ትኖራላችሁ። አንዳንዱ «ደኑ ከሰው አይበልጥም» ይላል፣ ሌላው «ሰው ደኑን ጨረሰው» ይላል። ሁለቱም ግማሽ ንግግር ይመስሉኛል።

በእኛ ታሪክ «ሒማ» የሚባል የተከለለ የግጦሽ መሬት ነበር። ሰይዱና ዑመር (ረ.ዐ) ሁነይን የሒማ ጠባቂ አድርገው ሲሾሙት የሰጡት ትእዛዝ በቡኻሪ ተዘግቧል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ አስገባ፣ የእነ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማንን መንጋ ግን አታስገባ የሚል ነው። ሀብታሙ ከብቱ ቢያልቅ ተምርና እርሻ አለው፤ ድሃው ግን ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው ደጅ ይመጣል፣ ከወርቅና ከብር ደግሞ ውኃና ሣር መስጠት ይቀላል ብለው አስረዱ። የአካባቢው ሰዎች ተበደልን እንደሚሉ፣ አገሩም የራሳቸው እንደሆነ አልሸሸጉም። መከለሉን አልተዉም፤ የተከለለበትን ሰው ሒሳብም አልዘነጉም። የግጭ ሰዎች ዛሬ ምን ይበላሉ፣ ልጆቻቸው ምን ሥራ አላቸው ብሎ መጠየቅ ስለዚህ የደን ጥበቃው አካል ነው።

በደባርቅና በዳባት ዙሪያ ያለው ሜዳ አብዛኛው እርሻና ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቤት ይሠራል፣ ማገዶ ይሆናል፣ አስታውንም ከመቆረጥ ያድናል፤ አልነቅፈውም። ደን ግን አይሆንም፤ ከሥሩ ብዙ ነገር አያበቅልም። አገር በቀሉ ዛፍ በብዛት የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፣ ጎረቤቶቻችን ሊመሰገኑበት ይገባል። እኛም መስጂድ ግቢና መቃብር አለን። ክረምት ሲገባ የምትተክሉ ካላችሁ ወይራና ጽድ ይሁን፤ ፍሬያቸውን ወፍ በልቶ ሌላ ቦታ ይዘራላችኋል። ኮሶ ብርሃን ይወዳል፣ ጥላ ሥር አትትከሉት። ሁሉንም መጀመሪያ ዓመታት ላይ በእሾህ እጠሩላቸው፣ ፍየሏ ጁሙዓ ቀን አታርፍም።